የዊልያም ግላድስቶን ታሪክና የናፖሊ እስረኞች

በሕዝብ ተመርጠው በፓርላማ የሚቀመጡ ሰዎች፣ በሌላ አገር ሕግ ሲፈርስ አይተው መንግሥታቸው እንዲናገር መጠየቅ ይገባቸዋልን? የእንግሊዙ ዊልያም ግላድስቶን ታሪክ ለዚህ ጥያቄ መልስ ይሰጣል።

ግላድስቶን በፈረንጆች አቈጣጠር በ1809 ዓ.ም. በሊቨርፑል ከባለጸጋ ነጋዴ ተወለደ። በኦክስፎርድ ተምሮ በ1832 ዓ.ም. ለፓርላማ ተመረጠ። በመጀመሪያ የቆመው ከወግ አጥባቂዎች ወገን ነበርና የነገሥታትን ሥልጣን የሚጠላ ሰው አልነበረም።

በ1850 ዓ.ም. መጨረሻ ልጁን ዓይኗን አሟት ስለ ነበረ አየር ለመለወጥ ወደ ናፖሊ ሄደ። የናፖሊ ንጉሥ ዳግማዊ ፈርዲናንድ በ1848 ዓ.ም. ሕዝቡ በተነሣ ጊዜ ሕገ መንግሥት ሰጥቶ ሊጠብቀው ምሎ ነበር፤ ዳሩ ግን ፍርሃቱ ሲያልፍ በ1849 ዓ.ም. ምክር ቤቱን በትኖ ዳግመኛ ሳይሰበስበው ቀረ፤ ሕጉን አምነው ያገለገሉትንም ሰዎች አሰረ። ከነዚህም አንዱ ሚኒስትር የነበረው ካርሎ ፖኤሪዮ ነው፤ በሰንሰለት ሆኖ 24 ዓመት እንዲታሰር ተፈረደበት። ግላድስቶን ችሎቱን ተመለከተ፤ ወደ ወኅኒ ቤትም ገብቶ እስረኞቹ ሁለት ሁለት ሆነው ተቈራኝተው ሰንሰለታቸው ቀንም ሌሊትም እንደማይፈታ በዓይኑ አየ።

ወደ አገሩ ሲመለስ ነገሩን ወዲያው ወደ አደባባይ አላወጣውም፤ አስቀድሞ ሎርድ አበርዲን በምስጢር እንዲመክርለት ለመነ። ይህም ፍሬ ባላፈራ ጊዜ በ1851 ዓ.ም. በሐምሌ ወር ያየውን በደብዳቤ ጽፎ አሳተመ። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሎርድ ፓልመርስቶንም ጽሑፉን በየአገሩ ላሉት የእንግሊዝ መልክተኞች ልኮ ለየመንግሥታቱ እንዲሰጡ አዘዘ። የናፖሊ መንግሥት ሐሰት ነው ብሎ መልስ ባወጣ ጊዜ ግላድስቶን የተሳሳተባቸውን ጥቂት ነገሮች አርሞ ዋናውን ነገር አጸና።

በ1856 ዓ.ም. እንግሊዝና ፈረንሳይ መልክተኞቻቸውን ከናፖሊ አስወጡ፤ ንጉሡ ግን ቶሎ አልተመለሰም። ፖኤሪዮና ከ60 የሚበልጡ ጓደኞቹ ከወኅኒ ወጥተው ወደ ስደት የተላኩት በ1859 ዓ.ም.፣ ደብዳቤው ከታተመ ከ8 ዓመት በኋላ ነው። በ1860 ዓ.ም. ጋሪባልዲ ናፖሊ ሲገባ የፈርዲናንድ ልጅ ከተማውን ለቆ ወጥቶ ነበር።

ግላድስቶን ከ1868 እስከ 1894 ዓ.ም. ባለው ዘመን 4 ጊዜ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ። በ1871 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ የወሰደው ዘውድና ጽዋ ከኢትዮጵያ መውጣቱ እንዳሳዘነው በፓርላማ ተናገረ። ነገር ግን ያው ሰው በ1882 ዓ.ም. ጦር ልኮ ግብጽን አስያዘ፤ ስለዚህም በናፖሊ የዘረጋውን ሚዛን በራሱ መንግሥት ላይ ሁልጊዜ አልዘረጋም። በ1898 ዓ.ም. በ88 ዓመቱ ሞቶ በዌስትሚንስተር ተቀበረ።

እንግዲህ ሌላውን መንግሥት የሚገሥጽ እንደራሴ አስቀድሞ በዓይኑ አይቶ ይመስክር፤ በምስጢር መምከርን ያስቀድም፤ ፍሬው ቢዘገይም አይታክት፤ ከሁሉም በላይ የራሱን ቤት በዚያው ሚዛን ይመዝን። ይህን ያደረገ እንደ ሆነ ቃሉ ይሰማል፤ ባያደርግ ግን የሚገሥጸው መንግሥት የሚመልስለት አያጣም።