የአፈርን ግፊት በሒሳብ የለካው መሐንዲስ

የተራራ ወገብ ቆርጦ የሚያልፍ መንገድ ወይም ወንዝ የሚሻገር ድልድይ ሲሠራ፣ መሐንዲሱን አስቀድሞ የሚያሳስበው የአፈር ግፊት ነው። አፈር በዝምታ ይገፋል፤ የሚደግፈው ግንብ ከቀጠነ ይናዳል፤ ያለ ልክ ከወፈረ ደግሞ ገንዘብና ጉልበት ይባክናል። ይህን ልክ በሒሳብ ለማግኘት መንገዱን ያቀናው ፈረንሳዊው የጦር መሐንዲስ ሻርል ኦጉስተን ኩሎምብ ነው።

ኩሎምብ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1736 ዓ.ም. አንጉሌም በምትባል ከተማ ተወለደ። በሜዚዬር የጦር መሐንዲሶች ትምህርት ቤት ትምህርቱን በ1761 ፈጸመ፤ በ1764 በካሪብ ባሕር ወዳለችው ወደ ማርቲኒክ ደሴት ተላከ። ደሴቲቱን እንግሊዞች በ1762 ይዘዋት በዓመቱ በውል ለፈረንሳይ መልሰዋት ስለ ነበር፣ ዳግመኛ እንዳትወሰድ ፎር ቡርቦን የተባለ ታላቅ ምሽግ እንዲሠራ ታዘዘ። ወጣቱ መሐንዲስ በዚህ ሥራ ስምንት ዓመት ያህል ቆየ። የቆላው በሽታ ብዙ ሰው ፈጀ፤ እሱም ደጋግሞ ታመመ። በ1772 ወደ አገሩ ሲመለስ ጤናው ተጎድቶ ነበር።

ነገር ግን ባዶ እጁን አልተመለሰም። ግንብ ሲያስገነባ ከመጻሕፍት የተማረው ብቻ እንደማይበቃው ስላየ፣ ለገዛ ሥራው እንዲረዳው ያጠናውን ጽፎ በ1773 ለፓሪስ የሳይንስ አካዳሚ አቀረበ። የሐሳቡ ፍሬ ይህ ነው፦ ግንብ ሲሸነፍ ከኋላው ያለው አፈር በሙሉ አይመጣም፤ እንደ ሽብልቅ ያለ ቁራጭ ተለይቶ ይንሸራተታል እንጂ። ይህን ቁራጭ ክብደቱ ወደ ታች ሲስበው፣ የአፈሩ ፍትጊያና እርስ በርሱ መያያዙ ይገታዋል። ሽብልቁ በየት በኩል እንደሚለይ አስቀድሞ ስለማይታወቅ፣ ኩሎምብ ሊሆኑ ከሚችሉት ሁሉ ትልቁን ግፊት የሚያመጣውን በሒሳብ ይፈልጋል፤ ግንቡም ያንን እንዲችል ሆኖ ይሠራል።

ከዚህ በኋላ ስለ ፍትጊያ ባደረገው ምርምር ሽልማት አግኝቶ በ1781 የአካዳሚው አባል ሆነ። በ1785 ያሳወቀው የኤሌክትሪክ ኃይል ሕግ ስሙን በዓለም አስጠራው፤ የኤሌክትሪክ መጠን መለኪያም ዛሬ በስሙ ይጠራል። በ1806 በፓሪስ ዐረፈ።

የአፈር ጥናቱ ግን ከእሱ ጋር አልተቀበረም። በ1960ዎቹ የአገሩ ልጅ የሆነው መሐንዲስ አንሪ ቪዳል በአፈር ድርብርብ መካከል የብረት ጠፍሮችን እያነጠፈ፣ አፈር ራሱን እንዲሸከም የሚያደርግ ዘዴ አወጣ። ጠፍሮቹ ሊንሸራተት የሚቃጣውን ሽብልቅ አልፈው ወደ ጽኑው አፈር ይዘልቃሉ፤ የላዩ አፈር ሲጫናቸውም ፍትጊያው አጥብቆ ይይዛቸዋል። በዚህ ዓይነት ገፊው አፈር ደጋፊ ይሆናል፤ ፊት ለፊት የሚቆመውም ገበታ እንደ ቀድሞው ግንብ መወፈር አያስፈልገውም። ዛሬ በብዙ አገር ከፍ ያሉ መንገዶችና የድልድይ ዳርቻዎች በዚህ ዘዴ ይሠራሉ፤ መሐንዲሶቻቸውም በማርቲኒክ በሕመም መካከል የተጀመረውን ስሌት እስካሁን ይጠቀሙበታል።