ቅዱስ አትናቴዎስ በተከበበባት ሌሊት

የቅዱስ አትናቴዎስ ስም ሲነሣ አብዛኞቻችን የምናስታውሰው በ325 ዓ.ም. (ዘመናቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አባ እለእስክንድሮስን ተከትሎ ወደ ኒቅያ የሄደውን፣ የአርዮስንም ክሕደት የተቃወመውን ወጣት ዲያቆን ነው። ከጉባኤው በኋላ ያለው ሕይወቱ ግን በአብዛኛው የስደት ታሪክ ነው። በ328 ዓ.ም. በመንበረ ማርቆስ ተሾሞ እስከ 373 ዓ.ም. ሲያገለግል አምስት ጊዜ ተሰድዷል፤ ከመንበሩ ርቆ ያሳለፈው ዘመን ሲደመር ከ17 ዓመት ይበልጣል።

ከሁሉም የከፋው ሦስተኛው ስደት ነበር። ቀድሞ ሲሰደድ የሚሟገትለት የምዕራቡ ንጉሥ ነበረው። እርሱ በ350 ዓ.ም. ሲገደል ግን አርዮሳውያንን የሚደግፈው ወንድሙ ቆንስጣንዮስ ብቻውን ገዥ ሆነ። በ355 ዓ.ም. በሚላኖ በተደረገው ጉባኤ ጳጳሳቱ በአትናቴዎስ ውግዘት ላይ እንዲፈርሙ ተገደዱ፤ እምቢ ያሉት ተጋዙ። በቀጣዩ ዓመት መጀመሪያ ታላቁ አባት አባ እንጦንስ ዐረፈ። ሰው የሚደገፍበት ሁሉ አንድ በአንድ ወደቀ።

በየካቲት ወር 356 ዓ.ም. በአንዲት ሌሊት ምእመናን በእስክንድርያ በቴዎናስ ቤተ ክርስቲያን ለማግስቱ ቅዳሴ በጸሎት ሲተጉ፣ ሶርያኖስ የተባለ የጦር አዛዥ ከ5,000 በሚበልጡ ወታደሮች ቤተ ክርስቲያኑን ከበበ። ቅዱስ አትናቴዎስ እጅግ የሚወደውን ሕዝብ ለጠብ አላነሣሣም። በመንበሩ ተቀምጦ ዲያቆኑ መዝሙረ ዳዊት 135ን እንዲያነብ፣ ሕዝቡም የእግዚአብሔርን ዘለዓለማዊ ምሕረት እየመሰከረ እንዲቀበል አዘዘ። ይህ መዝሙር እስራኤል ባሕር ተከፍሎላቸው መሻገራቸውን፣ የፈርዖን ሠራዊትም መስጠሙን የሚያስታውስ ነው። በሩ ሲንገጫገጭ እየሰማ መጽሐፉን ይዞ የቆመውን ያንን ዲያቆን፣ እኔም በማዕርጉ የማገለግል ነኝና ደጋግሜ አስበዋለሁ።

በሩ ተሰበረ፤ ፍላጻ ተወረወረ፤ የሞቱም ነበሩ። ካህናቱ እንዲያመልጥ ቢማጸኑትም ሕዝቡ ሳይወጣ እንደማይንቀሳቀስ አስታወቃቸው። አብዛኛው ሕዝብ ከወጣ በኋላ መነኮሳትና ካህናት ጎትተው አወጡት፤ በወታደሮቹ መካከልም ሳይታወቅ አለፈ። ይህንንም የራሱ ብልሃት ሳይሆን የእግዚአብሔር ጥበቃ መሆኑን ጽፏል።

ጠላቶቹ ግን ፈሪ አሉት። እርሱም በጽሑፍ ሲመልስ ያዕቆብ ከዔሳው፣ ሙሴ ከፈርዖን፣ ዳዊትም ከሳኦል መሸሻቸውን፣ ጌታችንም ጊዜው እስኪደርስ መሰወሩን አስታወሰ። የሞትን ሰዓት በእግዚአብሔር የተወሰነ እንጂ ሰው በድፍረቱ የሚመርጠው አድርጎ አላየውም። በእግዚአብሔር መታመን ማለት ከአደጋ ፊት አለመሸሽ ብቻ ለሚመስለን ለብዙዎቻችን ይህ መልስ ከባድ ነው።

ስድስት ዓመት ያህል መነኮሳቱ ከገዳም ወደ ገዳም እየሰወሩት በበረሃ ኖረ። የአባ እንጦንስን ገድልና ስለ መንፈስ ቅዱስ አምላክነት ወደ ሰራፒዮን የላካቸውን መልእክታት የጻፈው በዚህ ዘመን ነው። ንጉሡ እጁን እስከ አገራችን ዘርግቶ ነበር፤ አትናቴዎስ የሾመው አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን እንዲመረመር ወደ እስክንድርያ ይላክ ዘንድ ለአክሱም ነገሥታት ደብዳቤ ጽፏል። ቤተ ክርስቲያናችን ግን ዛሬም የምትመሰክረው የኒቅያን ሃይማኖት ነው።

ቆንስጣንዮስ በ361 ዓ.ም. ሞተ፤ ቅዱስ አትናቴዎስም በዓመቱ ወደ መንበሩ ተመለሰ። ከዚያም በኋላ ሁለት ጊዜ ተሰድዶ፣ ሊገድሉት የፈለጉት ሁሉ ሳያገኙት፣ በ373 ዓ.ም. ግንቦት 7 ቀን በሀገረ ስብከቱ በሰላም ዐረፈ።

የቅዱስ አትናቴዎስ ሐዋርያዊ ጸሎትና በረከት ከሁላችን ጋር ይሁን፤ አሜን።