ከአምፑሉ በስተጀርባ፤ የቶማስ ኤዲሰን ሕይወትና የቤት ውስጥ ሽቦ

የኤሌክትሪክ መብራት በተነሣ ቁጥር የቶማስ አልቫ ኤዲሰን ስም አብሮ ይነሣል። በየትምህርት ቤቱም አምፑልን የፈጠረ ሰው እየተባለ ይነገራል። ነገሩን ጠጋ ብለው ሲመረምሩት ግን አምፑል ለመሥራት የሞከሩ ሰዎች ከእርሱ በፊትም ነበሩ፤ በእንግሊዝ አገርም ጆሴፍ ስዋን የተባለው ሊቅ በዚያው ዘመን የራሱን አምፑል አብርቷል። ታዲያ የኤዲሰን ትልቅነት ምን ላይ ነው ቢባል፣ እንደ እኔ አስተያየት፣ ከአምፑሉ ይልቅ በግድግዳ ውስጥ ተሰውሮ በሚቀረው ሽቦ፣ በሶኬቱና በፊውዙ ላይ ነው። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ኤዲሰን የተወለደው ፌብሩዋሪ 11 ቀን 1847 በኦሃዮ ክፍለ ሀገር ሚላን በተባለች ከተማ ነው። ትምህርት ቤት የቆየው ለጥቂት ወራት ብቻ ሲሆን ከዚያ ወዲያ ያስተማረችው ቀድሞ መምህርት የነበረችው እናቱ ናት። በ12 ዓመቱ በባቡር ላይ ጋዜጣና ከረሜላ መሸጥ ጀመረ። ጆሮው ከልጅነቱ ጀምሮ በደንብ አይሰማም ነበር፤ ይሁን እንጂ የቴሌግራፍ ሠራተኛ ከመሆን አላገደውም። በ1869 ያስመዘገበው የመጀመሪያ ፈጠራው የምክር ቤት አባሎችን ድምፅ የሚቆጥር መሣሪያ ነበር፤ ነገር ግን ገዢ አላገኘም። ከዚህ በኋላ ሰው የማይፈልገውን ነገር ላለመሥራት ቆረጠ። በ1876 በሜንሎ ፓርክ የምርምር ቤት ሠራ፤ በ1877ም ድምፅ የሚቀዳውን ፎኖግራፍ አወጣ።

ወደ መብራት ሥራ ፊቱን ያዞረው በ1878 ነው። በዚያን ጊዜ በትልልቆቹ ከተሞች ቤት የሚበራው በጋዝ ነበር። ጋዙ በመንገድ ሥር በተቀበረ ቧንቧ እየመጣ በየክፍሉ ይታደላል፤ የተበላውም በቆጣሪ ይለካል። ኤዲሰን የጋዝ ኩባንያዎችን አሠራርና ሒሳብ በጥንቃቄ ካጠና በኋላ፣ ኤሌክትሪክ ጋዝን ሊተካ የሚችለው ይህን ሁሉ አገልግሎት ሲሰጥ ብቻ መሆኑን ተረዳ። ስለዚህ ያሰበው ስለ አንድ መብራት ሳይሆን ከመንገዱ እስከ መኝታ ቤቱ ስላለው መስመር ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ትልቅ ችግር ገጠመው። የቀድሞዎቹ የመንገድ መብራቶች አንዱ ከሌላው ተከታትለው እንደ ሰንሰለት የተያያዙ ስለነበሩ አንዱ ሲጠፋ ሁሉም ይጠፋል። በመኖሪያ ቤት እንዲህ ያለ መብራት አይሆንም፤ እያንዳንዱ ለብቻው መብራትና መጥፋት አለበት። ለዚህም ሁሉም መብራት ከዋናው መስመር ላይ ጎን ለጎን መቀጠል ነበረበት። ነገር ግን እያንዳንዱ አምፑል ብዙ ጅረት የሚስብ ከሆነ ለከተማው የሚያስፈልገው መዳብ ዋጋው የማይቻል ይሆናል። በፕሪንስተን የተማረውና በ1878 ኤዲሰን ዘንድ የተቀጠረው ፍራንሲስ አፕተን ሒሳቡን ሠራው። መፍትሔውም ጅረትን አጥብቆ የሚቃወም ቀጭን ክር ያለው አምፑል ሆነ፤ አምፑሉ ጥቂት ጅረት ሲስብ መዳቡም ይቀጥናልና። እንግዲህ የዚያን አምፑል ክር ቅጥነት የወሰነው የሽቦው ዋጋ ነው። ተስማሚ የሆነ የከሰል ክር በኦክቶበር 1879 ተገኘ።

አምፑሉ ሲገኝ ሌላው ዕቃ ሁሉ ገና አልነበረም። ማብሪያ ማጥፊያው፣ ቆጣሪው፣ አምፑሉ የሚገባበት ሶኬት በሱቅ የሚገዛ ነገር ስላልሆነ እየታሰበ መሠራት ነበረበት። ቆጣሪው እንኳ በፈሳሽ ውስጥ የተነከረ የዚንክ ሰሌዳ ነበር፤ ሰሌዳው በየጊዜው እየተመዘነ ደንበኛው ይከፍላል። ዛሬ አምፑል ስንገዛ ኢ27 ተብሎ የሚጻፈው ጥርስ ያለው መቀመጫ ፊደሉን ያገኘው ከኤዲሰን ስም ሲሆን ቁጥሩ በሚሊሜትር የተለካ ስፋቱ ነው። ፊውዙ ደግሞ ጅረቱ ከልክ ሲያልፍ ቀልጦ መስመሩን የሚቆርጥ አጭር የእርሳስ ሽቦ ነበር።

ሴፕቴምበር 4 ቀን 1882 ከቀትር በኋላ በ9 ሰዓት በኒው ዮርክ በፐርል መንገድ የተተከለው የኃይል ጣቢያ ሥራ ጀመረ፤ 400 ያህል መብራትም በራ። ሽቦው በመንገድ ሥር ተቀብሮ ስለነበር፣ በአንድ ስፍራ ጅረቱ ወደ መሬት ሾልኮ የሚያልፉትን ፈረሶች አስፈንጥሯቸዋል።

ከዚህ ሁሉ ይበልጥ ለእኛ የሚጠቅመው ግን በባለባንኩ በፒርፖንት ሞርጋን ቤት የሆነው ነገር ነው። ሞርጋን በ1882 በማዲሰን ጎዳና የነበረውን ቤቱን በኤዲሰን መብራት አስገጠመ። ሞተሩ በጓሮ በፈረሶቹ ጋጣ ሥር ስለተተከለ የጎረቤት ቤት ይንቀጠቀጥ ነበር። ከዚያም በመጻሕፍት ቤቱ ለጠረጴዛው መብራት ተብሎ ከወለሉ በምንጣፉ በኩል የተሳበው መስመር እሳት አስነሣና ጠረጴዛውንና ምንጣፉን አቃጠለ። ሞርጋን መብራቱን አስነቅሎ እንደመጣል መስመሩን እንደገና አሠራው። በባለጸጋው በቫንደርቢልት ቤት ደግሞ በግድግዳው ወረቀት ውስጥ የነበረው የብረት ክር ከሽቦው ጋር ተነካክቶ መጨስ ጀመረ፤ እመቤቲቱም ሥራው እንዲነሣ አዘዘች።

ከዚያ ዘመን ወዲህ ብዙ ተሻሽሏል። መጀመሪያ በግድግዳ ላይ ሶኬት ስላልነበረ ካውያ እንኳ የሚሠራው ከአምፑሉ መቀመጫ ላይ እየታሰረ ነበር፤ ሃርቬ ሀብል የሚነቀለውን መሰኪያ ያስመዘገበው በ1904 ነው። ይሁንና የሞርጋን ጠረጴዛ ነገር ዛሬም በየቤታችን አለ። ቤት የሚሠራ ወጣት ስለ ቀለሙና ስለ በሩ ብዙ ያስባል፤ ሶኬቱ የት ይሁን የሚለውን ግን ለሠራተኛው ይተወዋል። ግድግዳው ከተለሰነ በኋላ አልጋና ቴሌቪዥን ሲገባ ሶኬቱ በሌላ ወገን ይገኛል፤ ከዚያ ማከፋፈያ ገመድ በምንጣፍ ሥር ይሳባል። በእንጀራ ምጣድ ሲሆን ነገሩ ይብሳል። 3,500 ዋት የሚስብ ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፔር ያህል ይወስዳል፤ ይህም የተለመደው ሶኬት የመጨረሻ አቅሙ ስለሆነ ምጣድ ከብሬከሩ የሚነሣ ወፍራም ሽቦና የራሱ መስመር ያስፈልገዋል። በእጅ ስልክ የሚታዘዘውን ስማርት ማብሪያ የሚመኝም ሰው፣ ብዙዎቹ ኑትራል የሚባለውን ሽቦ በማብሪያው ሣጥን ውስጥ ስለሚፈልጉ፣ ይህን ለኤሌክትሪክ ሠራተኛው ልስን ሳይጀመር መንገር አለበት። የመሬት መስመሩም ቢሆን ሶኬቱ ላይ ብረቱ ስለታየ ብቻ ተዘርግቷል ማለት አይደለም፤ ማስፈተሽ ያሻል።

ኤዲሰን ግን ሁሉን አላወቀም። የእርሱ ኤሌክትሪክ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚፈስ ስለነበረ ከጣቢያው ብዙ ሳይርቅ ይደክማል። ዌስቲንግሃውስ ያስፋፋው ተለዋዋጭ ጅረት ሩቅ አገር ሲደርስ ኤዲሰን አደገኛ ነው እያለ ተቃወመው፤ በ1888 በምርምር ቤቱ በውሾች ላይ የሞት ሙከራ እንዲደረግ እስከመፍቀድ ደረሰ። ይህ ለስሙ የማይመጥን ሥራ ነበር። በ1892 ኩባንያው ከሌላ ጋር ተዋሕዶ ጄኔራል ኤሌክትሪክ ሲባል ስሙ ተፋቀ፤ በ1893ም የቺካጎን ታላቅ ኤግዚቢሽን ያበራው ዌስቲንግሃውስ ሆነ። ሆኖም በኒው ዮርክ የኤዲሰን ዓይነት ጅረት የመጨረሻው መስመር የተቆረጠው በኖቬምበር 2007 ነው።

ኤዲሰን ኦክቶበር 18 ቀን 1931 በ84 ዓመቱ አረፈ። በቀብሩ ዕለት ለክብሩ የአገሪቱ ኤሌክትሪክ ሁሉ ለጥቂት ጊዜ ይቋረጥ የሚል አሳብ ቀርቦ ነበር። ፕሬዚዳንት ሁቨር ግን ይህ ለሕዝቡ ሕይወት አደገኛ መሆኑን ስለተረዳ፣ በዚያ ሌሊት በ4 ሰዓት እያንዳንዱ ሰው በፈቃዱ የቤቱን መብራት ለአንድ ደቂቃ እንዲያጠፋ ጠየቀ።