ማሳሂኮ ኪሙራ፦ እረፍትን የናቀው የጁዶ ሊቅ

የብራዚል ጂው-ጂትሱ በሚሰጥበት በየትኛውም ማሠልጠኛ፣ ጀማሪ ሠልጣኝ ቀድሞ ከሚማራቸው የመቆለፊያ ስልቶች አንዱ ኪሙራ ይባላል። የተጋጣሚን የእጅ አንጓ ጨብጦ፣ ክንዱን አጥፎ ወደ ጀርባው በማዞር ትከሻውን የሚያስጨንቅ ስልት ነው። ስሙን በየዕለቱ ከሚጠሩት ወጣቶች መካከል ግን ከስሙ ጀርባ ያለውን ሰው የማያውቁት ጥቂት አይደሉም።

ማሳሂኮ ኪሙራ ጃፓናዊ የጁዶ ተፋላሚ ነበር። ከሞተ ከ30 ዓመታት በላይ ሆኖታል። በሕይወት ሳለ የሚታወቀው በጥንካሬው ብቻ ሳይሆን፣ ሌላው ሰው ሊሸከመው በማይችለው የልምምድ ብዛትም ነበር። የዛሬ ሠልጣኞች በሳምንት ስንት ቀን ልለማመድ፣ መቼስ ልረፍ ብለው ሲጠይቁ የእርሱ ታሪክ ሁለት መልስ ይሰጣል፤ አንዱ የሚያጓጓ፣ ሌላው የሚያስጠነቅቅ።

የወንዝ ዳር ልጅ

ኪሙራ የተወለደው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መስከረም 10 ቀን 1917 በደቡብ ጃፓን ኩማሞቶ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር የተቀመጡ ናቸው።) ቤተሰቡ ድሃ ነበር። አባቱ ከወንዝ ጠጠር እያወጣ ኑሮውን ይገፋ ነበር፤ ልጁም ገና በለጋነቱ ሥራውን ያግዝ ያዘ። በኋላ ተጋጣሚዎቹን ያስገረመው የወገቡና የእግሮቹ ብርታት የተገነባው በዚያ ወንዝ ውስጥ እንደሆነ ራሱ ያምን ነበር።

ጁዶ የጀመረው በልጅነቱ ነው። በ15 ዓመቱ የ4ኛ ዳን ማዕረግ አገኘ። በ1935፣ ገና በ18 ዓመቱ፣ በቶኪዮው የጁዶ ማዕከል በኮዶካን 8 ተጋጣሚዎችን በተከታታይ አሸንፎ 5ኛ ዳን ሆነ። ቁመቱ 170 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱም 85 ኪሎ ግራም ገደማ ስለነበር ከግዙፎቹ ተርታ የሚሰለፍ አልነበረም።

አራቱ ሽንፈቶች

ያው 1935 ግን የደስታ ዓመት ብቻ አልነበረም። ኪሙራ በጁዶ ሕይወቱ የተሸነፈው 4 ጊዜ ብቻ ሲሆን፣ አራቱም የደረሱት በዚያው ዓመት ነው። ከአሸናፊዎቹ አንዱ በኋላ ጁዶን በብሪታንያ ያስተማረው ኬንሺሮ አቤ ነበር። ወጣቱ በሐፍረት ስፖርቱን እርግፍ አድርጎ ለመተው አሰበ። ተመልሶ ሲመጣ ግን ሌላ ሰው ሆኖ መጣ።

ያን ጊዜ የደረሰበት ድምዳሜ ቀላል ነበር። ሌሎች በቀን 3 ሰዓት ከተለማመዱ እርሱ ሦስት እጥፍ፣ ማለትም 9 ሰዓት መለማመድ አለበት። ከዛፍ ጋር እየተጋፈጠ ኦሶቶ ጋሪ የተባለውን የመጥለፍ ስልት ግንዱ ላይ በሺህ ጊዜ ይደጋግም ነበር። ከልምምዱ በኋላም በመቶዎች የሚቆጠር ፑሽ አፕ ይሠራል። በውድድር ሰሞን እንቅልፉ በሌሊት ከ3 ሰዓት እንደማይበልጥ በሕይወት ታሪኩ ላይ አስፍሯል። የመጥለፍ ስልቱ እጅግ ከመበርታቱ የተነሳ የልምምድ ጓደኞቹ በእነርሱ ላይ እንዳይጠቀምበት እስከ መለመን ደርሰው ነበር።

አሠልጣኙ ታትሱኩማ ኡሺጂማ በንጉሠ ነገሥቱ ፊት በሚካሄደው ታላቅ ውድድር የማሸነፍ ሕልሙ ያልተሳካለት ሰው ነው። ያልደረሰበትን በደቀ መዝሙሩ ለማግኘት ወስኖ ስለነበር ከኪሙራ ጋር ለርኅራኄ ቦታ አልነበረውም። ውጤቱም መጣ። ኪሙራ በ1937፣ በ1938 እና በ1939 የመላው ጃፓን ሻምፒዮና አሸናፊ ሆነ። በ1940 ደግሞ በንጉሠ ነገሥቱ ፊት ተጋጥሞ ድሉን ወሰደ። የአሠልጣኙ ዕዳ ተከፈለ።

ጦርነት፣ ድህነት እና የሚስት ሕመም

ቀጥሎ የመጣው እረፍት ማንም የመረጠው አልነበረም። ኪሙራ ለውትድርና ተጠራ፤ የዓለም ጦርነቱ የአንድን ስፖርተኛ ምርጥ ዓመታት በላ። ጃፓን ስትሸነፍ ከተሞቿ ፈርሰው፣ ሕዝቧም የሚበላው አጥቶ ነበር። አገሪቱን የተቆጣጠሩት ኃይሎች ጁዶ በትምህርት ቤቶች እንዳይሰጥ ከለከሉ።

የሚደንቀው ግን፣ ለዓመታት ከመደበኛው ልምምድ የራቀው ኪሙራ በ1949 ወደ መላው ጃፓን ሻምፒዮና ተመልሶ ለፍጻሜ መድረሱ ነው። ከታካሂኮ ኢሺካዋ ጋር ያደረገው ግጥሚያ አቻ አልቆ ሁለቱ ማዕረጉን ተጋሩ። ሥር የሰደደ ችሎታ በልምምድ ማጣት በአንድ ጊዜ እንደማይጠፋ ከዚህ የተሻለ ምስክር ማግኘት ያስቸግራል።

ማዕረግ ግን እንጀራ አይሆንም። ሚስቱ በሳንባ ነቀርሳ ታመመች፤ መድኃኒቱ ውድ ነበር። በ1950 ኡሺጂማ የጁዶ ተፋላሚዎች በክፍያ የሚጋጠሙበትን ማኅበር ሲያቋቁም ኪሙራ ገባበት። ማኅበሩ ብዙም ሳይቆይ ሲዳከም ወደ ሃዋይ፣ ከዚያም ወደ ብራዚል ተሻገረ።

የማራካኛው ምሽት

በብራዚል የጠበቀው ቤተሰብ ለጃፓን ጁዶ ባዳ አልነበረም። ሚትሱዮ ማኤዳ የተባለ የኮዶካን ሰው በ1914 ወደ አገሪቱ ገብቶ በቤለም ከተማ ካስተማራቸው መካከል ካርሎስ ግሬሲ አንዱ ነበር። ካርሎስና ወንድሞቹ የተማሩትን መሬት ላይ ወደሚደረግ ትግል አዘንብለው አሳደጉት። ከወንድሞቹ መካከል ቀጭኑ ሄሊዮ ዝነኛው ሆነ።

ሄሊዮ ከኪሙራ ጋር ከመጋጠሙ በፊት ከባልደረባው ከካቶ ጋር በዚያው ሰሞን ሁለት ጊዜ ታግሏል። የመጀመሪያው አቻ ወጣ፤ በሁለተኛው ሄሊዮ አንገቱን አንቆ አሸነፈው። ብዙ ሳይቆይ፣ ጥቅምት 23 ቀን 1951፣ የ38 ዓመቱ ሄሊዮ በሪዮ ዴ ጄኔሮ ማራካኛ ስታዲየም ከኪሙራ ፊት ቆመ። በክብደት በእጅጉ ያንሳል። ኪሙራ ደጋግሞ ጣለው፤ ሄሊዮ ግን እጅ አልሰጠም። በሁለተኛው ዙር ጃፓናዊው ክንዱን ቆልፎ ወደ ኋላ ጠመዘዘው። ሄሊዮ መሸነፉን በእጁ መትቶ ለማመን ፈቃደኛ አልሆነም። ክንዱ ክፉኛ ሲጎዳ ወንድሙ ካርሎስ ፎጣ ወርውሮ ፍልሚያውን አስቆመ።

የግሬሲ ቤተሰብ ሽንፈቱን አልደበቀም። ያሸነፋቸውን ስልት ባሸነፋቸው ሰው ስም ጠሩት። ከዚያ ምሽት የተረፈ ሌላም ትምህርት አለ። በዛሬው ማሠልጠኛ ተሸንፌያለሁ ብሎ በእጅ መምታት ነውር አይደለም፤ ነገ ተመልሶ ለመለማመድ የሚከፈል ትንሽ ዋጋ ነው።

የቶኪዮው ውርደት

ኪሙራ ወደ አገሩ ተመልሶ ወደ ትርዒታዊው የነጻ ትግል ዓለም ገባ። ታኅሣሥ 22 ቀን 1954 በቶኪዮ ከሪኪዶዛን ጋር ያደረገው ግጥሚያ በቴሌቪዥን ተላለፈ። ውጤቱ አቻ እንዲሆን አስቀድመው መስማማታቸውን ኪሙራ ኋላ ጽፏል። ሪኪዶዛን ግን በድንገት በእውነተኛ ምት ደበደበው። ያ ለእረፍት የማይበገር አካል በአገሩ ሕዝብ ፊት ወደቀ። የ9 ሰዓት ልምምድ ከማንኛውም ተጋጣሚ ሊጠብቅ ይችላል፤ ቃሉን ከሚያጥፍ ሰው ግን አልጠበቀውም።

ሁለት ዓይነት ጽናት በአንድ ኦሊምፒክ

ኪሙራ ቀሪ ዘመኑን በአብዛኛው በተማረበት በታኩሾኩ ዩኒቨርሲቲ በአሠልጣኝነት አሳለፈ። በከባዱ ሥልጠናው ካለፉት አንዱ ካናዳዊው ዳግ ሮጀርስ ነው። ጁዶ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ በተካተተበት በቶኪዮ 1964 ሮጀርስ በከባድ ሚዛን የብር ሜዳሊያ ወሰደ።

በዚያው ኦሊምፒክ ሌላ ታሪክም ተጽፏል። አበበ ቢቂላ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ከ6 ሳምንት ባልበለጠ ጊዜ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ጨርሶ ዳግም አሸነፈ። ውድድሩ ሲቃረብ ሳይለማመድ ያለፋቸው ቀናት የዓመታት ልፋቱን አላጠፉበትም። የኪሙራ ተከታዮች የሚዘነጉትን ነገር የአበበ ድል ያስታውሳል፤ አካል በእረፍት ላይ እያለም የተማረውን ይዞ ይቆያል።

ከሕይወቱ ምን ይቀዳል?

ኪሙራን የሚያደንቅ ወጣት በቀን 9 ሰዓት ካልተለማመድኩ ሊል ይችላል። ሆኖም ታሪክ የሚያስታውሰው ያንን ጫና ተሸክሞ የዘለቀውን አንዱን ነው፤ በመንገድ ላይ ጉልበታቸው ወይም ትከሻቸው የከዳቸው ስማቸው አልተጻፈም። እርሱም ቢሆን ጫናውን የጀመረው በወጣትነቱ፣ ከልጅነት የጉልበት ሥራ በኋላ፣ ጁዶ ሙሉ ሕይወቱ በሆነበት ዘመን ነው። ቀን ሥራ ውሎ ማታ ወደ ማሠልጠኛ የሚሄድ ሰው ከዚያ ጋር ራሱን ማነጻጸር አይችልም።

የስፖርት ሳይንስ ዛሬ የሚለው ግልጽ ነው። ልምምድ አካልን ይፈትናል፤ አካል የሚጠነክረው ግን በእረፍትና በእንቅልፍ ጊዜ ነው። ጅማትና መገጣጠሚያ ከጡንቻ ይልቅ ቀስ ብለው ያገግማሉ። ጂው-ጂትሱ ምት ስለሌለበት ሰው በየቀኑ በሙሉ ኃይሉ ሊታገል ይችላል፤ አደጋውም እዚህ ላይ ነው። ጉዳቱ በአንድ ቀን ሳይታይ በክርን፣ በትከሻና በጉልበት ላይ ይጠራቀማል። ስለዚህ የልምምድ ቀናት ሁሉ እኩል መክበድ የለባቸውም። አንዱ ቀን ለብርቱ ትግል፣ ሌላው ቴክኒክን በእርጋታ ለመደጋገም ሊሆን ይችላል። እንቅልፍ ሲዛባ፣ የልብ ምት ጠዋት ከወትሮው ሲፈጥን፣ ትናንት የሚሠራው ስልት ዛሬ እምቢ ሲል፣ አካል እረፍት እየጠየቀ ነው።

ማሳሂኮ ኪሙራ ሚያዝያ 18 ቀን 1993 በ75 ዓመቱ አረፈ። ገና በ30ዎቹ ዕድሜ መባቻ ካገኘው 7ኛ ዳን በላይ ማዕረግ ኮዶካን አልሰጠውም። ስሙን ግን በየምሽቱ በምንጣፍ ላይ የሚታገሉ ሰዎች ያነሱታል። ከእነርሱ መካከል እስከ እርጅና የሚዘልቁት፣ ከእርሱ ትጋቱን ወርሰው እረፍትን መናቁን የሚተዉለት ይሆናሉ።