ንቦች ያተረፉት ፕሮፌሰር

አያቴ ቀፎ ሰቅለው ማር የሚቆርጡ ሰው ነበሩ። ልጅ ሳለሁ አንዲት ንብ አበባ ካገኘች፣ ብዙም ሳይቆይ ሌሎቹ ግር ብለው ሲመጡ አይ ነበር። ማን ነገራቸው? መልሱን ያገኘሁት ካደግኩ በኋላ፣ የአንድ ኦስትሪያዊ ሳይንቲስት ታሪክ ሳነብ ነው። ዛሬ የማወጋችሁም ስለ እሳቸው ነው።

ካርል ፎን ፍሪሽ እ.ኤ.አ. በ1886 ቪየና ውስጥ ተወለዱ። የእንስሳትን ሳይንስ ተምረው ጀርመን፣ ሙኒክ ማስተማር ጀመሩ። በዚያን ጊዜ ካርል ፎን ሄስ የተባሉ ስመ ጥር የዓይን ሐኪም ንብ ቀለም አይለይም ይሉ ነበር። ወጣቱ ፍሪሽ ግን ንቦችን ሰማያዊ ካርቶን ላይ የስኳር ውኃ አስለመዷቸው። ቀጥለው ስኳሩን አንስተው ሰማያዊውን ከግራጫ ካርቶኖች ጋር ቢደባልቁት፣ ንቦቹ ሰማያዊው ላይ አረፉ።

በ1920ዎቹ ደግሞ ንቦች ቀፎ ውስጥ እንደሚጨፍሩ ጻፉ። ክብ ዙሪያ የሚዞረው ጭፈራ የአበባ ማር፣ ትከሻ ሳይሆን ዳሌ የሚነቀነቅበት ደግሞ የአበባ ዱቄት መገኘቱን ያበስራል አሉ። ብዙዎች አመኗቸው።

ከዚያ የናዚዎች ዘመን መጣ። በ1941 በእናታቸው በኩል የአይሁድ ደም አለባቸው ተብሎ ከሥራ እንዲባረሩ ተወሰነ። ያተረፏቸው ንቦች ናቸው። ኖዜማ የተባለ በሽታ የንብ መንጋዎችን እየጨረሰ ስለነበር፣ ንብ ካለቀ ፍራፍሬውም እንደማያፈራ የተረዱት ባለሥልጣናት መባረራቸውን ከጦርነቱ በኋላ ይሁን ብለው አቆዩት።

ቦምብ ሙኒክን ሲያወድም ፕሮፌሰሩ ኦስትሪያ በሚገኘው የቤተሰባቸው የበጋ መኖሪያ ምርምራቸውን ቀጠሉ። በ1944 ምግቡን አንዴ ቅርብ አንዴ ሩቅ ቢያስቀምጡት፣ የሃያ ዓመት ትምህርታቸው ስህተት ሆኖ ተገኘ። ክቡ ጭፈራ ቅርብ ነው ማለት ነው፤ የዳሌው ሩቅ ነው። ንቧ ዳሌዋን የምትነቀንቅበት ጊዜ በረዘመ ቁጥር መንገዱም ይረዝማል። አቅጣጫውስ? ጨለማ ቀፎ ውስጥ ፀሐይ ስለሌለች፣ ሽቅብ መጨፈር ወደ ፀሐይ አቅጣጫ ብረሩ ማለት ነው፤ ወደ ቀኝ ካዘነበለች ከፀሐይ በዚያው ልክ ወደ ቀኝ።

ስህተታቸውን ራሳቸው አርመው አሳተሙ። በ1973 ከኮንራድ ሎሬንዝና ከኒኮ ቲንበርገን ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ፤ በ1982 ሙኒክ ውስጥ አረፉ። ንብ የሚመራት ሽታ ብቻ ነው እያሉ የተከራከሯቸው ነበሩ። በ2005 ግን ተመራማሪዎች በራዳር የተከታተሏቸው ንቦች ጭፈራው ወደሚያመለክተው ሥፍራ ሲበሩ ታዩ።

ንብ ያገኘችውን ለምን አትደብቅም? ቀፎው የእህትማማቾች ቤት ነው፤ አንዷ ያገኘችው የሁሉም ጎተራ ይገባል። እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን የሰውየው ነገር ነው። ከሥራ ሊባረሩ በተቃረቡበት፣ ቦምብ በሚዘንብበት ጊዜ፣ በስማቸው የታወቀውን ግኝት ተሳስቻለሁ ብሎ ማፍረስ ቀላል አይደለም።