በጃፓኖች በዓል የተገኘው እንግዳ፤ የላፍካድዮ ኸርን ታሪክ

በሌላ ሕዝብ በዓል መካከል የሚገኝ የውጭ አገር ሰው ዕድሉ ከሁለት አንዱ ነው። ወይ ተመልካች ሆኖ መጥቶ ተመልካች ሆኖ ይመለሳል፤ ወይም ባለቤቶቹ ቦታ ለቀውለት በመካከላቸው ይቀመጣል። ለትምህርት ወይም ለመንግሥት ሥራ ወደ ውጭ አገር የሚሄዱ ወጣቶች ይህን ልዩነት ቢያስቡበት ይጠቅማቸዋል ብለን ስላመንን፣ የደራሲውን የላፍካድዮ ኸርንን ሕይወት በአጭሩ እናቀርባለን። ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ኸርን በ1850 ዓ.ም. ሌፍካዳ በምትባል የግሪክ ደሴት ተወለደ፤ ስሙም ከደሴቲቱ ስም የወጣ ነው። አባቱ በእንግሊዝ ጦር ውስጥ የሚያገለግል የአየርላንድ ሐኪም፣ እናቱ ደግሞ የግሪክ ሴት ነበረች። ሁለት ዓመት ሲሆነው ወደ ደብሊን ተወሰደ። ብዙም ሳይቆይ እናቱ ወደ አገርዋ ተመለሰች፤ አባቱም ሌላ ሚስት አገባ፤ ሕፃኑን የአባቱ አክስት አሳደገችው። በ16 ዓመቱ በትምህርት ቤት ሲጫወት የግራ ዓይኑ ጠፋ። በ19 ዓመቱም ብቻውን ወደ አሜሪካ ተላከ።

በሲንሲናቲ ከተማ ከብዙ ችግር በኋላ ጋዜጠኛ ሆነ። ነገር ግን በ1874 ዓ.ም. በባርነት የተወለደች ጥቁር ሴት በማግባቱ፣ የኦሃዮ ሕግም እንዲህ ያለውን ጋብቻ ይከለክል ስለ ነበር፣ ከሥራው ተባረረ። ከዚያ በኋላ በኒው ኦርሊንስና በማርቲኒክ ደሴት ኖረ። በኤፕሪል 1890 ዓ.ም. ዮኮሃማ ሲደርስ አርባ ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረው፣ ይህ ቤቴ ነው የሚለው ስፍራ ያልነበረው ሰው ነበረ።

በዚያው ዓመት በማትሱዬ ከተማ የእንግሊዝኛ መምህርነት አገኘ። በኦገስት መጨረሻ፣ ሰው በሚጎትተው ጋሪ ተቀምጦ ከአስተርጓሚው ጋር ተራራውን ሲያቋርጥ፣ ካሚኢቺ በሚባል መንደር አደረ። ወቅቱ የቦን በዓል ነበረ። በቦን ጊዜ የሙታን ነፍሳት ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ ተብሎ ስለሚታመን ጃፓኖች ፋኖስ ያበሩላቸዋል፤ ምግብም ያቀርቡላቸዋል፤ ማታም ይጨፈራል። በዚያች ሌሊት የመንደሩ ሴቶች በአሮጌው የቡድሃ ቤተ መቅደስ ግቢ በጨረቃ ብርሃን ክብ ሠርተው፣ እግራቸውን በቀስታ እያንሸራተቱ፣ እጃቸውንም በለሆሳስ እያጨበጨቡ ዞሩ። ኸርን ከሕዝቡ ጋር ሆኖ፣ ጭፈራው በእኩለ ሌሊት በደወል ድምፅ እስኪፈጸም ድረስ ዝም ብሎ ተመለከተ። ቤት አልባው ሰው፣ ሙታን እንኳ ወደ ቤታቸው በሚጠሩበት በዓል ላይ እንግዳ ሆነ።

በሴፕቴምበርም ወዳጁ መምህር ኒሺዳ ሴንታሮ የአደራ ደብዳቤ ሰጥቶት ወደ ታላቁ የኢዙሞ ቤተ መቅደስ ሄደ። በደንቡ መሠረት እጁን ታጥቦ፣ ጫማውን አውልቆ፣ በሊቀ ካህናቱ በሴንጌ ፈቃድ ወደ ውስጠኛው ክፍል ገባ። ከእርሱ በፊት ይህ ፈቃድ ለአውሮፓዊ እንዳልተሰጠ ጽፏል።

ይሁን እንጂ በየስፍራው እንዲህ አልተቀበሉትም። በ1891 ዓ.ም. በጋ በሌላ መንደር የቦንን ጭፈራ ሊያይ ሲሄድ፣ ሕዝቡ ጭፈራውን ትቶ እርሱን ከበበው፤ አንዳንዶቹም አሸዋና ጭቃ ወረወሩበት። እርሱ ግን በዚህ ምክንያት አገሩን አልጠላም። በዓሉ የባለቤቶቹ እንደ ሆነ፣ እንግዳ የሚገባበትም በመብት ሳይሆን በፈቃዳቸው እንደ ሆነ ገብቶት ነበርና።

በዚሁ ዓመት የሳሙራይ ልጅ የሆነችውን ኮይዙሚ ሴትሱን አገባ። የጃፓንኛ ጽሕፈት አጥርቶ ስላላወቀ፣ የጥንቱን ተረት የምትነግረው እርስዋ ነበረች። በ1896 ዓ.ም. ለሚስቱና ለልጁ ዋስትና ሲል ዜግነቱን ለውጦ ኮይዙሚ ያኩሞ ተባለ፤ በቶኪዮ ዩኒቨርሲቲም እስከ 1903 ዓ.ም. አስተማረ። ኳይዳን የተባለው የተረት መጽሐፉ በታተመበት በ1904 ዓ.ም. በሴፕቴምበር 26 ቀን በ54 ዓመቱ ሞተ፤ በቶኪዮ በዞሺጋያ መካነ መቃብር ተቀበረ።

በማትሱዬ የኖረበት ቤት ዛሬም በክብር ተጠብቆ ይጎበኛል። ጃፓኖች የጻፈላቸውን ተረቶች በራሳቸው ቋንቋ መልሰው ያነባሉ፤ እንግዳ የነበረውም ሰው የእነርሱ ደራሲ ሆኖ ይቆጠራል። ወደ ሰው አገር የሚሄድ ወጣትም ከዚህ የሚማረው አለ። ጫማ በሚወለቅበት ማውለቅ፣ ዝም በሚባልበት ዝም ማለት፣ ክፉ ያደረጉትን ጥቂቶች ከመልካሞቹ ጋር አለመደባለቅ፣ የሰው በዓል ደጅ የሚከፈተው በዚህ ነው።