አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ

ነጋድራስ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ (1860 – 1940 ዓ.ም.) ሠዓሊ፣ የአማርኛ ሰዋስው ጸሐፊ፣ ዲፕሎማትና የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ መጽሐፍ ደራሲ ነበሩ። በሥነ ጽሑፍ ታሪክ ስማቸው በክብር ይጠራል፤ በፖለቲካ ታሪክ ግን ብዙ ጊዜ የሚነሳው ከጣሊያን ወረራ ጋር ተያይዞ ነው።

የተወለዱት በጣና ሐይቅ ዳር በምትገኘው በዘጌ ነው። ከእቴጌ ጣይቱ ጋር ዝምድና እንደነበራቸው ይነገራል። የሥዕል ተሰጥኦአቸው በዳግማዊ ምኒልክ ዘንድ ስለታወቀ በ1879 ዓ.ም. ወደ ኢጣሊያ ተልከው በቶሪኖ ከተማ ሥዕል ተማሩ። ተመልሰው በእንጦጦ በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ሥራ ተሰማሩ። በ1886 ዓ.ም. ደግሞ ከንጉሡ አማካሪ ከአልፍሬድ ኢልግ ጋር ወደ ስዊዘርላንድ ሄዱ። የአድዋ ጦርነት በተቃረበ ጊዜ ግን ከስዊዘርላንድ ወደ ኢጣሊያ ኮበለሉ። ይህ እርምጃ እስከ ዕድሜያቸው መጨረሻ የተከተላቸው ክስ መጀመሪያ ነው።

በኢጣሊያ ትዳር መሥርተው በኔፕልስ የምሥራቃውያን ቋንቋዎች ተቋም አማርኛ አስተማሩ። ዋና ዋና ሥራዎቻቸው የተጻፉትም በዚህ ዘመን ነው። በ1905 እ.ኤ.አ. የአማርኛ ሰዋስው በጣሊያንኛ፣ በ1908 እ.ኤ.አ. ደግሞ በፈረንሳይኛና በአማርኛ የተዘጋጀ የመንገደኛ መምሪያ አሳተሙ። መምሪያው ለስሙ የጭውውት መጽሐፍ ይሁን እንጂ ወታደር በገበሬ ላይ ስለሚያደርሰው በደልና ስለ አገሪቱ ኋላ ቀርነት ጠንካራ ትችት ይዟል።

ልብ ወለድ ታሪክ

በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ የታተመውና ኋላ ጦቢያ በሚል ስም የታወቀው መጽሐፍ ታሪኩን የሚያስቀምጠው በጥንት ዘመን፣ ክርስቲያኖችና አረመኔዎች በሚዋጉበት ጊዜ ነው። አንድ ክርስቲያን የጦር አለቃ ይማረካል። ቸር ነጋዴ ገንዘብ ሰጥቶ ያስለቅቀዋል። መንትያ ልጆቹ ዋሕድና ጦቢያ ይባላሉ። ዋሕድ የነጋዴውን ውለታ ለመክፈል ወጥቶ በባርነት ይወድቃል፤ ጦቢያም እንደ ወንድ ለብሳ ከአባቷ ጋር ፍለጋ ትወጣለች። በመጨረሻ አረመኔው ንጉሥ ክርስትናን ተቀብሎ ጦቢያን ያገባል።

በእንግሊዝ አገር ዋልተር ፔተር በ1885 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ማሪየስ ኤፒኩሪያዊው በተሰኘ ልብ ወለድም ጥንታዊው ዘመንና ክርስትና ይገናኛሉ። ነገር ግን የፔተር ባለታሪክ በማርቆስ አውሬልዮስ ሮም ስለ ውበትና ስለ እምነት ሲያሰላስል ይኖራል፤ የአፈወርቅ ሰዎች ግን ይሰደዳሉ፣ ይሸጣሉ፣ ይፈላለጋሉ። በአፈወርቅ መጽሐፍ ንጉሡን የሚለውጠው ክርክር ሳይሆን የጦቢያ ፍቅር ነው። የመልክና የተፈጥሮ ገለጻውም የሠዓሊ እጅ እንደነካው ያስታውቃል። ልብ ወለድ የሚለው ቃል ራሱ ከዚህ ርዕስ ተነስቶ የዘርፉ መጠሪያ ሆኗል። መጽሐፉ ዛሬም ከአፍንጮ በር ብዙ በማይርቀው የስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች የሚያውቁት ነው።

በተከታዩ ዓመት የወጣው ዳግማዊ ምኒልክ የተባለው የታሪክ መጽሐፋቸው ግን እንደ ልብ ወለዱ አልተወደሰም። ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ውዳሴ የበዛበት ነው ብለው ነቅፈውታል፤ ነቀፋውም ተገቢ ይመስላል።

ሹመትና ፍጻሜ

ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ የድሬዳዋ ነጋድራስ፣ ከዚያም የውጭ ዜጎች ጉዳይ የሚታይበት የልዩ ፍርድ ቤት ሰብሳቢ ሆኑ። ወረራው ሲቃረብ በሮም የኢትዮጵያ ጉዳይ ፈጻሚ ነበሩ። በወረራው ዘመን ግን ለጣሊያኖች አድረው አፈ ቄሣር የሚል ማዕረግ ተቀበሉ።

ከነጻነት በኋላ ለፍርድ ቀርበው ሞት ተፈረደባቸው፤ ፍርዱ ወደ ዕድሜ ልክ ተለውጦ ወደ ጅማ በግዞት ተላኩ። በዚያም ሠዓሊው ዓይናቸው ጠፍቶ በመስከረም 1940 ዓ.ም. አረፉ።